መቶ በመቶ

ሰው ዕድሜውን የሚደብቅበት ዘዴ አያጣም። ፀጉሩን ያጠቁራል፤ "የተወለድኩት ገጠር ነው፣ ዘመኑን በውል የያዘው የለም" ይላል፤ አብሮ አደጉ በሰው ፊት "እኔና እሱ እኮ እኩዮች ነን" ሲል "ኧረ አንተስ ትቀድመኛለህ!" ብሎ ይስቃል። ዓይን ግን ያሳብቃል። ምግብ ቤት ገብቶ የምግብ ዝርዝሩን ክንዱ እስከቻለ ድረስ አርቆ ይዞ "ምነው እዚህ ቤት መብራቱ ደከመ?" የሚል ሰው ካያችሁ ዕድሜውን አትጠይቁት። 45ን አልፏል። መብራቱስ ደህና ነው፤ ያጠረው ክንዱ ነው።

ነገሩ በሽታ አይደለም። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ለማየት ወፈር፣ ሩቅ ለማየት ሳሳ ይላል። ዕድሜ ሲገፋ ይደርቅና ለቅርቡ መወፈር ያቅተዋል። አርባዎቹ ውስጥ ይጀምራል፤ ሀብታም ድሃ፣ ፊደል የቆጠረ ያልቆጠረ ሳይል ሁሉንም ያዳርሳል። ለዚህ ነው በየመንገዱ ዳር፣ ከካልሲና ከቀበቶ ጎን፣ "ፕላስ አንድ ተኩል"፣ "ፕላስ ሁለት" የሚባል የማንበቢያ መነጽር ተደርድሮ የሚሸጠው። ገዢው እዚያው ቆሞ የቆየ ጋዜጣ ይሰጠዋል፤ ካነበበ ይከፍላል። የዓይን ሐኪሞች ይህን አይወዱትም፤ እውነታቸውን ነው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ለወረቀት ነው። የማንበቢያ መነጽር የሚሠራው መጽሐፍ ለሚያዝበት ርቀት፣ ለ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኮምፒውተር ግን ጠረጴዛው ላይ 60 እና 70 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተገትሯል። መነጽሩን ሲያደርጉት ስክሪኑ ይደበዝዛል፤ ሲያወልቁት ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። ላይና ታቹ የተለያየ መስተዋት ያለውን መነጽር ያደረገ ሰው ደግሞ በታችኛው በኩል ለማየት አገጩን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሲያየው ትዕቢተኛ ይመስለዋል። የቀረው አንገትን ማስገግ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ ከ50 በላይ የሆነው ሠራተኛ ሁሉ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት፣ ትከሻው ጆሮው ድረስ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ማታ ቤቱ ሲገባ "ወገቤን፣ ማጅራቴን" ይላል። ቤተሰቡም ብርድ ነው ብሎ ያሸዋል።

አንዲት የማውቃቸው አራሚ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ አይወዱትም። በአንድ ማተሚያ ቤት 30 ዓመት ያህል የሰው ስሕተት ሲለቅሙ ኖረዋል። ቀይ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና አንድ ብርጭቆ ሻይ፤ ሌላ የሥራ ዕቃ አልነበራቸውም። ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር ያስቀምጡና ቃል በቃል ይወርዳሉ። ደራሲ መጥቶ ሲከራከራቸው "እርስዎ የሚያነቡት ሊጽፉ ያሰቡትን ነው፤ እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው" ይላሉ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህችን አባባላቸውን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ጠቅሼላቸዋለሁ። ከብዙ የሒስ ንድፈ ሐሳብ ትሻላለች።

ወረቀት ሲወደድ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ እርማት በኮምፒውተር እንዲሆን ወሰነ። ክፉ ውሳኔ አይደለም። ለሴትዮዋ 14 ኢንች ላፕቶፕ ተሰጣቸው፤ ቀን እሳቸው፣ ማታ ደግሞ አንድ ወጣት ገጽ አቀናባሪ ይሠራበታል። ቴክኒሻኑም ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ይግባ ብሎ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ አሳነሰው። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ መሳሳት ጀመሩ።

ልብ በሉ፣ ገጹ ላይ አልተሳሳቱም። ገጹንማ ማጉላት ይቻላል፤ ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ የማውሱን ጎማ ማዞር ነው። እሱን ተምረዋል። የተሳሳቱት ከገጹ ውጪ ነው። የፋይሉ ስም በዚያ ዘዴ አይጎላም። ከላይ የተደረደሩት ትእዛዞች አይጎሉም። "ምዕራፍ 3 እርማት 8" እና "ምዕራፍ 8 እርማት 3" የሚባሉ ሁለት ፋይሎች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፤ 3 እና 8 ደግሞ በዚያ መጠን ሲጻፉ መንታ ናቸው። አንድ ቀን የቆየውን ፋይል ከፍተው ሲያርሙ ዋሉ። ሌላ ቀን ያልታረመውን ምዕራፍ ወደ ኅትመት ክፍል አሳለፉት። ነገሩ የታወቀው መጽሐፉ ተጠርዞ ከወጣ በኋላ ነው።

ደብዳቤ መጣ። ሥራው የሚጠይቀውን የማየት ብቃት የማያሟሉ ሆነው ስለተገኙ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረዋል ይላል። ደመወዙ ያው ነው፤ በዚህ በኩል አልተበደሉም። ዕድሜያቸው 57 ነው፤ ጡረታ በ60። ሦስቱን ዓመት ካርቶንና ቀለም ሲቆጥሩ ሊከርሙ ነው ማለት ነው።

እኔ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ብዬ ነው የሰማሁት። "መምህር፣ አረጀሁላቸው" አሉኝ። ቀልድ ለማስመሰል ሞከሩ እንጂ ፊታቸው አልሳቀም። ርክክቡ ስላላለቀ ላፕቶፑ ገና ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። "እስቲ ልየው" አልኩና ዋናው ገጽ ላይ የማውሱን የቀኝ ጫፍ ተጭኜ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ የሚለውን ከፈትኩ። ስኬል የሚል ቃል አለ፤ ከጎኑ ቁጥር አለ። ቁጥሩ መቶ በመቶ ይላል።

ሰውን የሚያታልለው ይህ ቁጥር ነው። እኛ በማርክ ያደግን፣ በማርክም ያሳደግን ሰዎች ነን። መቶ ከመቶ ሲባል ጎደሎ የሌለው፣ ደፍኖ ያመጣ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የማይጨመርበት ይመስለናል። 125 ሲባል ማጋነን ነው። 150 ሲባልማ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ እንደ ምርኩዝ፣ እንደ ጆሮ ማዳመጫ፣ ለታመመ ሰው የሚሰጥ ድጎማ ይመስላል። ለመሆኑ ይህ መቶ የምን መቶ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አጭር ታሪክ አለው። አታሚዎች የፊደልን መጠን የሚለኩበት ነጥብ በአንድ ኢንች ውስጥ 72 ጊዜ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ስክሪንም በአንድ ኢንች 72 ፒክሴል፣ ማለትም 72 የብርሃን ነጥቦች ነበሩት። በወረቀት ላይ 12 ቁጥር የሆነ ፊደል ስክሪኑም ላይ እዚያው ልክ ነው። ዊንዶውስ ሲመጣ ይህን 96 አደረገው፤ ስክሪን ከወረቀት ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ፊደሉ በሲሶ ያህል ደመቅ እንዲል ነው። የዛሬው "መቶ በመቶ" ከዚያ የተወረሰ ነው፤ ስክሪኑ በአንድ ኢንች 96 ነጥብ አለው ብሎ የሚያምን ቁጥር። 12 ቁጥር ፊደል ከፈለጋችሁ 16 ነጥብ ይቆጥርና ይሰጣችኋል። ነጥቡ ትልቅ ይሁን ትንሽ ግድ የለውም፤ ቆጥሮ ማስረከብ ነው ሥራው።

ያንን ሆዳም ሞኒተር ታስታውሱታላችሁ? ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚገባውን? 17 ኢንች የሚባለው፣ በተለመደው 1024 በ768 ሲሠራ፣ በአንድ ኢንች 80 ገደማ ነጥብ ነበረው። ነጥቡ ትልልቅ ነው፤ 16ቱ ሲደመሩ 5 ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ዛሬ በየሱቁ ያለው 14 ኢንች ላፕቶፕ፣ 1920 በ1080 የሚባለው፣ በአንድ ኢንች 157 ነጥብ ይዟል። ጥራቱ ያስደስታል፤ ፎቶ ሲታይበት ሕይወት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ያው 16 ነጥብ እዚህ ሲቆጠር 2.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። "12 ቁጥር" እየተባለ የሚነበበው ፊደል በወረቀት ሚዛን 7 ቁጥር ከምናምን ነው። 7 ቁጥር ማለት የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚገባው ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ውል ጀርባ፣ ማንም እንዲያነበው ያልተፈለገ ነገር የሚጻፍበት ልክ ነው።

ነገሩ ይኸው ነው። በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ የእኛ ሌንስ ሲደርቅ የፊደሉም ቁመት በግማሽ ያህል ወርዷል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሆኑ ዕዳው በሙሉ በዓይናችን ላይ ተጻፈ። 150 በመቶ ብትሉት እንኳ ያ 12 ቁጥር ፊደል በዚያ ላፕቶፕ ላይ 3.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በወረቀት 11 ቁጥር። ገና 12 አልደረሰም! እንግዲህ 150 ማጋነን አይደለም፤ የተወሰደውን መመለስ ነው፤ ያውም ሳይሞላ። (ተማሪዎቼ የጥናት ወረቀት ገጽ ለመሙላት 12ን 13 ሲያደርጓት በዓይኔ ለክቼ አውቅባቸው ነበር። ማሽኑ 12ን 7 ሲያደርጋት ግን ማንም አልነቃም።)

የማኅበር ጓደኞቼ "ታዲያ ሪዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግ አይሻልም ወይ?" ይሉኛል። በየጥገና ቤቱ ያለ ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ 1920 የነበረውን 1280 ያደርግና "ይኸው ተለቀ" ይላል። እውነትም ይተልቃል። ነገር ግን የዛሬ ስክሪን ነጥቡ የተተከለ ነው፤ አይበዛም፣ አያንስም። በትንሽ ነጥብ ሥራ ሲባል አንዱን ነጥብ በአንድ ተኩል ላይ ለመዘርጋት ይገደድና ይደፈርሳል፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ እንደማለት ነው። ስኬል ግን ፊደሉን ከመነሻ ቅርጹ በብዙ ነጥብ እንደገና ይስለዋል፤ ስለዚህ ተልቆም ጥርት ይላል። ለአራሚዋም ቴክኒሻኑ በመጀመሪያ ያንኑ የሪዞሉሽን ዘዴ ሞክሮላቸው ነበር። ራስ ምታት ያዛቸው፤ "እንደነበረው መልስልኝ" አሉት፤ መለሰው። በእሱ ቤት ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ላቲኑ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ወደ ታች የሚንጠለጠል እግርና አንገት ስላለው አንባቢው የቃሉን ቁመና አይቶ በግምትም ቢሆን ያልፈዋል። ግእዙ ቁመቱ ባብዛኛው እኩል ነው፤ ልዩነቱ ያለው ጎን ላይ በምትቀጠል ጭረት፣ እግር ላይ በምትንጠለጠል ቀለበት ነው። "ሂዱ" ትእዛዝ ነው፤ "ሄዱ" ወሬ ነው። መካከላቸው ያለው ቀለበት ስትደፈን ሰውየው ተልኮ ይሁን ደርሶ አይታወቅም። "ከፈለ" እና "ከፈሉ" በአንዲት የወገብ ጭረት ይለያያሉ፤ በዚያች ጭረት ላይ ብዙ ቁጥር ተንጠልጥሏል፣ የአንድ ሽማግሌም ክብር ተንጠልጥሏል። እንግሊዝኛ በ2.6 ሚሊ ሜትር ያስቸግራል፤ አማርኛ በ2.6 ሚሊ ሜትር ይዋሻል።

መጠኑን የወሰነው ግን ይህን ፊደል እያየ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን የግእዝ ፊደል፣ ኒያላ የተባለውን፣ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ያኔ የመስኮቱም፣ የዝርዝሩም፣ የፋይል ስሙም መጠን ለላቲን ፊደል በ9 ቁጥር ተቆርጦ ነበር። የእኛው እዚያው ልብስ ውስጥ ገባ። ክፋት አይደለም፤ እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው በተሰጠው ወንበር ይቀመጣል።

የድሮ ጸሐፊዎቻችን እኮ ይህን ያውቁ ነበር። ጉልህ የሚባል የአጻጻፍ ዓይነት አለ፣ ረቂቅ የሚባል አለ። አትሮኖስ ላይ ተዘርግቶ ቆመው የሚያነቡት መጽሐፍ ገጹ ሰፊ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፤ በማኅደር ሆኖ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ዳዊት ደግሞ ዓይን ሥር ተይዞ ስለሚደገም ትንሽ ቢሆን አይጎዳም። ድጓው ላይ የዜማው ምልክት ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ይጻፋል፤ ምክንያቱም መሪጌታው ምልክቱን የሚያየው ለማስታወሻ ነው፣ በቃሉ ይዞታል። ብራና ውድ ነው፤ ቆዳ ይበላል፤ ግን አንባቢው ከየት ቆሞ እንደሚያነብ ሳይታሰብ አይጻፍም። የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ፊደል ማተለቅ ግን ቆዳም ቀለምም አይፈጅም።

እንዲህ ርካሽ ከሆነ ሰው ለምን አያደርገውም? ሀፍረት ነው። እኔ በሰማሁበት ቦታ ሁሉ ፊደል ማተለቅ የሚጠየቀው በሹክሹክታ ነው። ስልክ መሸጫ ውስጥ ልጁ ጮክ ብሎ "ፋዘር፣ ፊደሉን ላተልቅልዎት?" ሲል ሰውየው "ተወው፣ ይታየኛል" ብሎ ይወጣል። ቢሮ ውስጥ አንዱ ደፍሮ ካተለቀ "የአቶ እገሌ ኮምፒውተርስ ከአስፋልቱ ማዶ ይነበባል" እየተባለ ሻይ ይጠጣበታል። ሳቁ ብቻ አይደለም፤ ጠረጴዛው ጀርባ የሚያልፍ ሁሉ የምትጽፈውን ያነባል የሚል እውነተኛ ሥጋትም አለ፤ እሱን አልንቅም።

ሀፍረቱ ስልክ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዋጋ አለው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮቹም በስልክ ከመጡ ወዲህ፣ ገንዘብ ማለት ከመላክ በፊት ብቅ የምትል አንዲት መስመር ሆናለች፤ ስሙ ይህ ነው፣ ብሩ ይህን ያህል ነው፣ ልላከው? የምትል። ያችን መስመር ማንበብ ያልቻለ ሰው ምን ያደርጋል? ስልኩን አጠገቡ ላለ ጎረምሳ ይሰጣል። "አንተ አንብብልኝ" ይላል፤ ቀጥሎ የምስጢር ቁጥሩን በአፉ ይነግረዋል። ዕድሜ ልኩን ደመወዙን ለሚስቱ ያልነገረ ሰው! ስልኩም ውስጥ እኮ ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ፣ ፎንት ሳይዝ የሚል መስመር አለ፤ በጣት ወደ ቀኝ መግፋት ነው።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። ስኬሉን 150 አደረግሁት። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ተመልሶ መጣ። ሴትዮዋ ዝም አሉ። ከዚያ ማስመሪያቸውን አነሡና ስክሪኑ ላይ፣ ከፋይሎቹ ዝርዝር የመጀመሪያ መስመር ሥር አስቀመጡት። "ምዕራፍ 3 እርማት 8" ብለው አነበቡ። አንድ መስመር ወረዱ። "ምዕራፍ 8 እርማት 3"። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ።

"ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሰው እዚህ ቤት የለም?"

አለ እንጂ። ቴክኒሻኑ ያውቃል፤ ሁለት ገጽ ይግባ ብሎ መቶ ያደረገው እሱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም። ሥራ አስኪያጁ ስሕተቱን እንጂ ስክሪኑን አላየም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ "አይታየኝም" ማለት በእጃቸው የሥራ መልቀቂያ መጻፍ መስሏቸዋል። ሦስት ሰው ዝም ብሎ አንዲት አራሚ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ።

በነጋታው ስደውል ማታ ሲወጡ ወደ መቶ መልሰውት እንደሄዱ ነገሩኝ። የማታው ልጅ ገጽ ሲያቀናብር ቦታ ይጠበዋል፤ በዚያ ላይ "እንዳያይብኝ ብዬ ነው" አሉ። ለዚህ መላው ቀላል ነው፤ አንድ ላፕቶፕ ላይ ለሁለት ሰው ሁለት የመግቢያ ስም ይከፈታል፤ ማሽኑ የእያንዳንዱን ልክ በየስሙ ይይዛል። እሳቸው ሲገቡ 150፣ ልጁ ሲገባ መቶ። አንዱ የሌላውን አያይም። ይህን እንኳ ቴክኒሻኑ በደቂቃ ሠራው፤ ሲጠየቅ።

ሁሉ ነገር ግን አልተቃናም። ስኬል ሲጨመር ስክሪኑ ይጠባል። የቆዩ ፕሮግራሞች፣ በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የሒሳብና የመዝገብ ሥራዎች፣ በመቶ ብቻ እንዲታዩ የተሠሩ ስለሆኑ ይደበዝዛሉ፤ አንዳንዱ መስኮት ደግሞ ወገቡ ስክሪኑ ላይ፣ እግሩ ከስክሪኑ በታች ይቀርና ኦኬ የሚለው ቁልፍ ይጠፋል። ያኔ ኢንተርን መጫን ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ካልሆነ 150ን ትቶ 125 ላይ መታረቅ ነው። ዕቃው እንዳለ ሆኖ ጽሑፉ ብቻ ይተልቅ ለሚል፣ በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ሥር ቴክስት ሳይዝ አለ፤ እስከ 225 በመቶ ይሄዳል። ማክ ላይ ዲስፕሌይስ ውስጥ ላርጀር ቴክስት የሚል ነው። ሊነክስ የሚጠቀሙት ከእኔ ስለሚበልጡ አልመክራቸውም። አንድ ነገር ግን በአጥብቆ ልናገር፤ አንድ ዓይን ብቻውን ከደከመ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ከታየ፣ ጎን ጎኑ ከጨለመ፣ ይህ የፊደል መጠን ጉዳይ አይደለምና ሐኪም ቤት ይኬድ። የዓይን ሞራና ግላኮማ በስኬል አይታለሉም።

ሴትዮዋ ማመልከቻ አስገቡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአዲሱ ስክሪን የታረመ ሥራ አያያዙበት፤ ቃል በቃል የተለቀመ ነው። ሥራ አስኪያጁ አየው፣ አመሰገነም። ነገር ግን ደብዳቤ ከወጣ ወጣ ነው፤ በእሳቸው መደብ ላይ ሌላ ሰው ተመድቧል፣ መዝገቡ ተዘግቷል። የተሰጣቸው መልስ የእርማት ሥራውን "በተደራቢነት" እንዲሠሩ የሚል ሆነ። ስለዚህ እስከ ምሳ ድረስ ካርቶንና ቀለም ያስረክባሉ፤ ከምሳ በኋላ ያርማሉ። በእሳቸው ቦታ የተመደበው ወጣት የከበደውን ምዕራፍ እሳቸው ዘንድ ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ሳገኛቸው የወሩን የደመወዝ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ከፍተው ነበር። ማስመሪያውን ከስማቸው ሥር አስቀምጠው አሳዩኝ። ከጎኑ "የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ" ይላል፤ በ150 በመቶ።